ጠባብ ርዕስ ይዤ ልገባ ነው ብለሽ ለፈራሽው

ጥያቄሽን ላሳጥረው። የባዮሎጂ ዲግሪሽን እየጨረስሽ ነው። በማስተርስ የኢንፍሉዌንዛ ፕሮቲኖች የቫይረሱን ዘረመል በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚያጓጉዙ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ሰዎች ግን «በዚህ ማን ይቀጥርሻል?» እያሉ አስፈራርተውሻል።

እኔ አልስማማም። አብዛኞቹ የአርኤንኤ ቫይረሶች፣ ማለትም ዘረመላቸው አርኤንኤ የሆነ፣ ሳይቶፕላዝም ውስጥ፣ ከሴሉ እምብርት ከኒውክሊየስ ውጭ፣ ይባዛሉ፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን ኒውክሊየስ ካልገባ አይሆንለትም። የኢንፍሉዌንዛ ኤ 8 የአርኤንኤ ቁራጮች መግባትም መውጣትም አለባቸው ማለት ነው። ሲገቡ፣ ቁራጮቹን የሸፈነው ኤንፒ የተባለ ፕሮቲን ኢምፖርቲን የተባለውን የሴሉን አስገቢ ፕሮቲን ይዞ ያልፋል። ጉዱ መውጫው ላይ ነው። ኤም1 የተባለ የቫይረሱ ፕሮቲን የአርኤንኤውንና የኤንፒን ጥቅል ይይዛል፣ ኤንኢፒ የምትባል ትንሽ የቫይረሱ ፕሮቲን ደግሞ በአንድ በኩል ኤም1ን፣ በሌላ በኩል ሲአርኤም1 የተባለውን የሴሉን አስወጪ ፕሮቲን ይዛ ታገናኛቸዋለች። ሲአርኤም1ን ሌፕቶማይሲን ቢ በተባለ ኬሚካል ካገድሽው ጥቅሉ እዚያው ይቀራል፤ ኤንፒን ቀለም ቀብተሽ በማይክሮስኮፕ ስታዪ ብርሃኑ ኒውክሊየስ ላይ ተከማችቶ ታገኚዋለሽ። ከወጣ በኋላ ወደ ሴሉ ጠርዝ ለመድረስ ራብ11 የተባለ ፕሮቲን ያስፈልገዋል።

አሁን ልብ በይ፤ ኢምፖርቲን፣ ሲአርኤም1፣ ራብ11 አንዳቸውም የቫይረሱ አይደሉም፣ የሴሉ ናቸው። ሲአርኤም1ን የሚያግደው ሴሊኔክሶር የተባለ መድኃኒት በ2019 አሜሪካ ውስጥ ለመልቲፕል ማየሎማ ተፈቅዷል፤ የደም ካንሰር ነው እንግዲህ። በኢንፍሉዌንዛ ገብተሽ በካንሰር ምርምር ብትወጪ የሚገርም ነገር የለውም።

ስለዚህ ስለ ርዕሱ አትጨነቂ፣ ላብራቶሪውን አጣሪ። ኮንፎካል የሚባለውን ጥርት ያለ ምስል የሚያነሳ ማይክሮስኮፕ ተማሪ ራሱ ይነካዋል ወይስ ቴክኒሻኑ ብቻ? ምስሉን በዓይን ገምተው ነው የሚያልፉት ወይስ በመቶ የሚቆጠሩ ሴሎች ላይ የኒውክሊየስና የሳይቶፕላዝም ብርሃን ይለካሉ? ሁለተኛውን የሚሠሩ ከሆነ ዓይንሽን አትሺ፣ ፓይተን የተባለውን የኮድ ቋንቋም ከአሁኑ ጀምሪ። ሲቪሽ ላይ «ኤንኢፒን አጥንቻለሁ» ብትዪ ቀጣሪው ዝም ብሎ ያልፈዋል። «የፕሮቲን ቦታ ከምስል በኮድ እለካለሁ» ካልሽ ግን ከቫይረስ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ድርጅትም ይጠራሻል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ቶሎ ደመወዝ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ የምርመራ ላብራቶሪ ሥራ ይሻልሻል። መታገስ የምትችዪ ከሆነ ደግሞ ላብራቶሪውን ለምትመራው ፕሮፌሰር ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊ፣ አጭር ይሁን። ከሥራዎቿ አንዱን ምስል ጠቅሰሽ ያልገባሽን ጠይቂያት፣ ከዚያ ከቀድሞ ተማሪዋ ጋር እንድታገናኝሽ ለምኚ።