መጨረሻው የት ሄደ? የወንጀል ፊልም ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የጅማ ዝናብ ሰውን ሁሉ ቤት አስቀምጦ ፊልም እያሳየው ነው መሰለኝ፤ የደረሱኝ ጥያቄዎች ደም ደም ይሸታሉ። ያልመለስኩላችሁ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል»ን በፍላሽ አስጭኜ አየሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጬ ባልየውን ማን እንደገደለው ሳይነገረኝ አለቀ። ልጁ ቆርጦ ነው እንዴ የሸጠልኝ? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ልጁን ይማሩት፤ ፊልሙ ሙሉ ነው። (ያላያችሁት ይህን መልስ ዝለሉት።) ፈረንሳዊቷ ዳይሬክተር ዡስቲን ትሪዬ እ.ኤ.አ. በ2023 በካን ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት የወሰደችበት ይህ ሥራ መልሱን የነፈገን አውቆ ነው። ባልየው ከፎቅ ወድቆ በረዶው ላይ ሞቶ ይገኛል። ተገፍቶ ነው ወይስ ራሱን ወርውሮ? ፍርድ ቤቱ ሚስትየዋን በነጻ ያሰናብታታል፤ እኛን ግን አያሰናብተንም።

እኔን የያዘኝ ባልየው ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት በድብቅ የቀዳው ጠብ ነው። ድምፁ በችሎት ሲከፈት መጀመሪያ ምስሉንም እናያለን፤ ባልና ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ ይከራከራሉ፣ ድምፃቸው እየከረረ ይሄዳል። ነገሩ ወደ ድብድብ ሊሻገር ሲል ምስሉ ተቆርጦ ወደ ችሎቱ ይመልሰናል። የሚቀረን የሚሰበር ብርጭቆና የምት ድምፅ ብቻ ነው። ማን ማንን መታ? በጭቃ ግድግዳ የሚዋሰን ጎረቤት ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሌሊት በግድግዳ የሰማነውን ጠዋት ቡና ላይ «በዓይኔ አየሁ» ብለን እናወራው የለ? እርስዎም ቢሆኑ ሚስትየዋን ፈርደውባታል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ያለበለዚያ ይህን ያህል አይናደዱም ነበር።

ጥያቄ፦ «ጁረር ነምበር ቱ» ላይ ሕግ ያልተማሩ አሥራ ሁለት ሰዎች በሰው ሕይወት ይፈርዳሉ። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? (ከኮቺ፣ የሕግ ተማሪ)

መልስ፦ በእኛ አገር ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚመዝነው ዳኛ ስለሆነ ቢገርምህ አይደንቅም። በአሜሪካ ግን በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስኑት ተራ ዜጎች ናቸው፤ ያውም በሙሉ ድምፅ። አንዱ እምቢ ካለ አሥራ አንዱ ይቸገራሉ። የፊልሙ ሞተር ይኸው ነው። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ክሱ ሲነበብ በአንድ ዝናባማ ሌሊት በመኪናው የገጨው አጋዘን ሳይሆን ተከሳሹ ገደላት የተባለችው ሴት ልትሆን እንደምትችል ይገባዋል። በዳዩ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ለዕርቅ እንደ መቀመጥ ያለ ነገር ነው። ግጥምጥሞሹ በዝቶብኛል፤ ቢሆንም ዳይሬክተሩ ክሊንት ኢስትዉድ ፊልሙ ሲወጣ 94 ዓመቱ ነበርና እንደዚህ ልብ ማንጠልጠል ከቻለ ዝም እላለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ደም ማየት አይወዱም። አብረን የምናየው ልብ አንጠልጣይ ፊልም ይኖራል?

መልስ፦ «ኮንክሌቭ»፣ እ.ኤ.አ. 2024። ሬሳው አንድ ነው፤ እሱም አልጋቸው ላይ ያረፉት የሮማው ሊቀ ጳጳስ። የተቀረው ካርዲናሎች በር ዘግተው ድምፅ ሲሰጡ፣ ወረቀት ሲቆጥሩና ሲተማሙ ነው፤ ጥይት ሳይተኮስ ትንፋሽ ያሳጥራል። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እናትሽ ምን እንደሚሉ ግን ዋስ አልሆንም።

ጥያቄ፦ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» 206 ደቂቃ ነው። ይገባዋል?

መልስ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ገና ይቀራል። ይገባዋል። ቡናው ግን ይብዛ።

ጥያቄ፦ ጅማ ላይ የወንጀል ፊልም ብሠራ ከምን ልጀምር? (ከአጂፕ፣ ወጣት)

መልስ፦ ሽጉጥና የመኪና ማሳደድ ተው፤ በአንተ በጀት ባጃጅ እንኳ አትገለብጥም። ከቡና መጋዘን ጀምር። የለቀማ ወቅት ነው፣ ጥሬ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ሁሉም ሌሊት ያመሻል። ጠዋት መዛኙ ሞቶ ተገኘ። ገንዘቡ አልጎደለም፣ በሩ አልተሰበረም፣ ዘበኛው ማንም አልገባም ብሎ ይምላል። ሬሳው ከተነሳ በኋላ ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) እንደገና ሲመዘን አንደኛው ጆንያ ከማታው አምስት ኪሎ ጨምሯል። መርማሪዋ ወደ ሚዛኑ ዞር ብላ በተርታ የተደረደሩትን የብረት መመዘኛዎች ትቆጥራለች።

የቀረውን አንተ ጻፈውና አምጣው፤ እንከራከርበታለን።