ከዱባይ የላክሽው ውክልና አሁን ማን እጅ ነው?

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ሱስ ከያዘው ስድስት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ጫት ነበር፣ ከዚያ መጠጥ፣ አሁን ደግሞ ቤቲንግ። ደመወዙ አምስት ቀን አይቆይም። ጸበል ወስጄዋለሁ፣ ሽማግሌ አስቀምጫለሁ፣ ያው ነው። የኮንዶሚኒየማችንን ክፍያ የጨረስነው ዱባይ ሦስት ዓመት ሠርቼ በላክሁት ገንዘብ ነው፤ ካርታው ግን በስሙ ነው። ያኔ ለቤቱ ጉዳይ ውክልና ልኬለት ነበር። አሁን ሁለት ልጆቼን ይዤ መውጣት እፈልጋለሁ። ብተወው ይሞታል ብዬ ደግሞ እፈራለሁ። ሲበሳጭ ዕቃ ይሰብራል እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ጥፋተኛው እሱ ስለሆነ ቤቱ ለእኔ ይወሰናል?» ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝን ቶሎ ልመልስና ወዳልጠየቅሽኝ ልሂድ።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። (ክልል ያላችሁ አንባቢዎች የክልላችሁን የቤተሰብ ሕግ እዩ።) ለመፋታት የእሱን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ፍርድ ቤቱ እንድትታረቁ ይመክራል፣ እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፣ እንቢ ካላችሁ ያፋታል። ቤቱ ግን ለአንቺ ብቻ አይወሰንም። በትዳር ውስጥ ሠርተሽ ያገኘሽው ገንዘብ፣ ዱባይም ይሁን መርካቶ፣ የጋራ ነው። እሱም «ካርታው በስሜ ነው» ብሎ አያመልጥም፤ በአንዱ ስም መመዝገቡ ብቻ ቤቱን የግሉ አያደርገውም። ስለዚህ እኩል ነው። ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሳ እንዲከፍል ሊወሰን ይችላል፣ ግን እሱን ተማምነሽ አትውጪ። ልጆቹን በተመለከተ ዳኛው የሁለታችሁን ገቢ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ያያል። እዚህ ላይ የእሱ ሱስ ይቆጠራል። የሕክምና ወረቀት ካለ ያዥ።

አሁን ወደ ጨነቀኝ ነገር። «ለቤቱ ጉዳይ ውክልና ልኬለት ነበር» ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ እዚያ መስመር ላይ ቆምኩ። ውክልናው ምን ይላል? ሽረሽዋል? ከተመለስሽ በኋላ አይተሽው ታውቂያለሽ? ስለዚህ ምንም አላልሽኝም። ያልነገርሽኝም ስለረሳሽው ይመስለኛል።

አረብ አገር ሠርተው ከተመለሱ እህቶች ጋር ስቀመጥ ይኼው ነገር ነው የሚገጥመኝ። ቆንስላ ሄደው ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ እዚህ ይመጣል፣ ጉዳዩ ያልቃል፣ ውክልናው ግን አያልቅም። እነሱ ሲመለሱ በራሱ የሚቃጠል ይመስላቸዋል። አይቃጠልም፤ ካልሻርሽው ይሠራል።

ለምን አስፈራኝ? ሕጉ ያለ ሁለታችሁ ስምምነት የጋራ ቤት አይሸጥም፣ በዕዳ አይያዝም ይላል። ከ500 ብር በላይ መበደር እንኳ ስምምነትሽን ይጠይቃል። (ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ገንዘብ ነበር።) ይህ ጥሩ አጥር ነው። ውክልና ግን የአጥሩ በር ቁልፍ ነው። «ያስተዳድርልኝ» ብቻ የሚል ከሆነ ቤት ለመሸጥ አይበቃም፣ ለመሸጥና በመያዣ ለመስጠት በግልጽ የተጻፈ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ችግሩ፣ ጸሐፊዎች «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ እንዲበደር» የሚለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይጽፉታል፣ ሰውም ሳያነብ ይፈርማል። እንዲህ ከሆነ ነገ ቤቱን ለቤቲንግ ዕዳ ሲሸጠው ገዢው «ሚስቱ ፈቅዳለች» ብሎ ወረቀትሽን ያወጣል።

ስለዚህ ከፍቺ ማመልከቻም በፊት ውልና ማስረጃ ሂጂ። የውክልናውን ኮፒ አውጪ፣ አንብቢው፣ ሻሪው። መሻር መብትሽ ነው፣ ፈቃዱን አትጠይቂም። ግን ሽረሽ ቤትሽ አትግቢ። ለእሱም በጽሑፍ አሳውቂው፣ ውክልናውን ይዞ ሊሄድባቸው ለሚችሉ ቦታዎችም፣ ለባንኩም ለቤቶች ጽሕፈት ቤቱም፣ የመሻሪያውን ኮፒ አስገቢና ተቀበልን የሚል ማኅተም አስመቺ። መሻሩን ሳያውቅ በቅን ልቦና የተዋዋለ ሰው ሊከራከርሽ ይችላልና።

ምናልባት አንድ ነገር ተሽጦ ወይም ተይዞ ቢሆንስ? ያለ ስምምነትሽ የተደረገ ከሆነ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችያለሽ። ግን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ብቻ ነው ያለሽ። ባታውቂም፣ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ካለፈው አልቋል። «ትንሽ ልታገሠው፣ ጾሙ ይፈታ፣ ልጆቹ ፈተና ይጨርሱ» እያሉ ስድስቱን ወር የጨረሱ ሰዎች ቢሮዬ መጥተው አልቅሰዋል። እባክሽ ከእነሱ አትሁኚ። ጠበቃ አማክሪ፣ የፍቺውን ክስ ስታስገቢም ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ የእግድ ትእዛዝ አብሮ ይጠየቅልሽ።

የእሱን ዕዳ በተመለከተ «የራሱ ነው» ብለሽ አትዝናኚ። መጀመሪያ ከግል ንብረቱ ይጠየቃል፣ የግል ከሌለው ግን ወደ ጋራው ይመጣል። የቤቲንግ ዕዳ ለቤተሰቡ ጥቅም አልነበረም ብሎ መከራከሩ አንድ ነገር ነው፤ ለዚያ ግን ለማን፣ መቼ፣ ስንት የሚለውን ከአሁኑ መዝግቢ። የባንክ ስቴትመንቱን፣ የላክሽበትን የሐዋላ ደረሰኝም አትጣይ።

ሌላው «ዕቃ ይሰብራል» ያልሽው። ዕቃ ብቻ ነው? እጁ አንቺ ላይ ወይም ልጆቹ ላይ ካረፈ ጉዳዩ የወንጀልም ነው፤ ለፖሊስ አመልክቺ፣ የሐኪም ማስረጃ በዕለቱ ያዥ። ለእኔ ባትነግሪኝም ለጠበቃሽ አትደብቂ። ክሱ ሲገባ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቀለብና ማን ቤቱን ይልቀቅ ስለሚለው ወዲያው ትእዛዝ መስጠት ይችላል።

«ብተወው ይሞታል» ላልሽው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ፍቺ ማለት አታሳክሚው ማለት አይደለም። ሐኪም ቤት ልትወስጂው ትችያለሽ፣ ማንም አይከለክልሽም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሰካራምነት የተጠናወተውንና ገንዘብ አባካኙን እንደ ነገሩ ሁኔታ ንብረቱን በራሱ እንዳያስተዳድር በፍርድ መከልከል ይፈቅዳል፤ ሚስትም ማመልከት ትችላለች። መንገዱ ረጅም ነው፣ የሕክምና ማስረጃም ይፈልጋል፤ ጠበቃሽን ጠይቂው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ሽማግሌ ፊት «ተለያይተናል፣ ቤቱ የእሷ ነው» ብላችሁ ብትፈራረሙ አልተፋታችሁም። የሚያፋታው ፍርድ ቤት ነው፣ ለአንቺ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት።

መታወቂያሽንና የጋብቻ ምስክር ወረቀትሽን ያዢና ሰኞ ጠዋት ውልና ማስረጃ ተገኚ። የውክልናው ኮፒ ሲወጣ ቀኑንና «እንዲሸጥ» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን ጻፊልኝ።