ቢሪያኒሽ ለምን ገንፎ እንደሚሆን ልንገርሽ

እህቴ፣ «የህንድ ቢሪያኒ ስሠራ ሩዙ ይላቁጣል፣ ሥጋው ግን ሳይበስል ይቀራል፤ ምን ላድርግ?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ይህ ነገር እኔን አስለቅሶኛል። ሻርጃ 6 ዓመት የሠራሁት ከህንዷ ሃይደራባድ ከተማ የመጡ ሰዎች ቤት ነው። እጄን ይዘው ያስተማሩኝ የማዳሜ እናት ናቸው። ከቪዲዮ ያየሁትን አይደለም የምነግርሽ።

የሃይደራባዱ «ካቺ» ይባላል፣ ጥሬ ማለት ነው። ሥጋው ጥሬውን ከታች ይገባል፣ በከፊል የበሰለው ሩዝ ከላይ ይደረጋል፣ ሁለቱም በአንድ ድስት በእንፋሎት አብረው ይደርሳሉ። ሁሉም ነገር የሰዓት ጉዳይ ነው።

1. ሥጋው አጥንት ያለው የፍየል ጠቦት ይሁን። ለ1 ኪሎ 1 ብርጭቆ ወፍራም እርጎ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ እርድ፣ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ናና፣ የድንብላል ቅጠል፣ ቡኒ እስኪሆን የተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት። ጨውም አትርሺ። አሽተሽ አሳድሪው። በሄል ፋንታ ኮረሪማ እንዳትጨምሪ፣ ጣዕሙ ሌላ ነው። የኛ ቅመም ያለበት ንጥር ቅቤም አይሆንም፣ ሳትቀምሚ አንጥሪ። ሥጋው ጠንካራ ከሆነ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ጥሬ ፓፓያ ያለሰልሰዋል። ከዚያ በላይ ካደረግሽ ይፈራርሳል። ደግሞ ከመጣድሽ 1 ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጪው። ያንቺ ሥጋ ጥሬ የቀረው ከፍሪጅ እንደወጣ ስለጣድሽው ሊሆን ይችላል።

2. ሩዙ ረጅም ፍሬ ያለው ባስማቲ ይሁን። 30 ደቂቃ ዘፍዝፊው። ብዙ ውኃ አፍልተሽ ደህና አድርገሽ ጨው ጨምሪና ክተቺው። ከ5 ደቂቃ ጀምሮ ፍሬ እያወጣሽ በጣትሽ ተጫኚው። ተሰብሮ መሐሉ ገና ጠንከር ካለ ወዲያው አጥልዪው። እኔን ያከሰረኝ ይሄን አለማድረጌ ነው። ከሻርጃ እንደተመለስኩ ምግብ በትእዛዝ ልሠራ ብዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ የጎረቤቴ ልጅ ምርቃት ነበር፣ 40 ሰው፣ 8 ኪሎ ፍየል። አንድ ባለሱቅ «ንጹሕ ባስማቲ ነው» ብሎ ምሎ አንድ ጆንያ ሩዝ ሸጠልኝ። እኔም አምኜው አንድ ስኒ እንኳ ቀቅዬ ሳልሞክረው፣ እንደለመድኩት 6 ደቂቃ ብዬ ሰዓት ብቻ ሳይ ቆየሁ። ሳጠልለው አልቆለታል፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል። እንግዳ እየገባ ነው፣ ሌላ ሩዝ የለኝም። እንዳለ ደረብኩት። ክዳኑ ሲነሣ ከላይ ገንፎ፣ ከሥር ሥጋ። እንፋሎቱ እንኳ በደንብ አላለፈም። የተመራቂዋ እናት ምንም አላሉኝም፣ ዝምታቸው ግን እስከዛሬ ያመኛል። ክፍያውን አልተቀበልኩም፣ የሥጋው ብር ከኪሴ ወጣ። በማግስቱ ጆንያውን ይዤ ብመለስ ባለሱቁ ሰው ፊት «ሩዝ ሩዝ ነው፣ መቀቀል አትችይም» አለኝ። 6 ዓመት ሙሉ በየዓርቡ ቢሪያኒ የሠራሁትን ሴት! ምላሹን የሰጠሁት በሥራዬ ነው። አሁን በየቅዳሜው ትእዛዝ አለኝ፣ እኚያው የተመራቂዋ እናትም ሁለት ጊዜ አዘውኛል። አዲስ ሩዝ በገዛሽ ቁጥር መጀመሪያ አንድ ስኒ ቀቅለሽ ሞክሪ፣ ሻጩ የፈለገውን ይማል።

3. ስትደርቢው ሩዙን አትጠቅጥቂ። በሙቅ ወተት የተዘፈዘፈ ሳፍሮን (ሩዙን ቢጫ የሚያደርግ ቅመም) እና ቅቤ ከላይ አፍስሺ። የክዳኑን ዙሪያ በሊጥ ምረጊው። እንፋሎት ከወጣ ሥጋው በምን ይበስላል? መጀመሪያ 10 ደቂቃ ጠንከር ባለ እሳት፣ ከዚያ ከድስቱ ሥር ወፍራም ብረት መጥበሻ አድርገሽ 40 ደቂቃ በለስላሳ እሳት። እንዳትከፍቺው። በማዳሜ እናት ፊት አንድ ቀን ልከፍት ስል እጄን ያዙኝ፣ «ድስቱ ይተንፍስ» አሉኝ። ህንዶቹ በቋንቋቸው «ደም» የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ ትንፋሽ እንደማለት። እሳቱ ከጠፋም በኋላ 15 ደቂቃ ይረፍ።

ስታወጪው አታማስዪ። ከዳር በኩል ሰፊ ጭልፋ እስከ ሥሩ አስገቢና ነጩን፣ ቢጫውንና ሥጋውን አንድ ላይ አንሺው። ነገ ሞክሪና ሩዙ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።