ስለ ሆህ ወንዝና ስለ ስቲልሄድ ጠይቁኝ

በየዓመቱ የብርዱ ወራት ሲገባ ስቲልሄድ የሚባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ «ዝንብ» ለማጥመድ ከሲያትል አራት ሰዓት ያህል ነድቼ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ወዳለው ሆህ ወንዝ እወርዳለሁ። ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ በአንድነት ልመልስ።

ጋሼ፣ ስቲልሄድ ከሳልሞን ወገን ነው?

ወገኑስ ነው፤ ስሙ ግን ትራውት ነው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ቀስተ ደመና ትራውት ዝርያው ያው ነው፤ ይህኛው ግን ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ ባሕር ወርዶ ያድግና ለመራባት ይመለሳል። የፓሲፊክ ሳልሞን አንዴ እንቁላል ጥሎ ይሞታል። ስቲልሄድ ከተረፈ ባሕር ደርሶ ዳግመኛ ሊመጣ ይችላል።

መሪ መቅጠር ግድ ነው? ዋጋው ያስደነግጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አዎ፣ ክፈል። ሆህ ከኦሊምፒክ ተራሮች የበረዶ ግግር የሚነሣ ወንዝ ነው፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ጠጠሩን እያገላበጠ መንገዱን ይቀይራል። አምና ዓሣ የያዝኩበት ጥልቅ ቦታ ዘንድሮ ደረቅ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። መሪያችን ጠዋት ዘንግ ከመዘርጋቱ በፊት እስከ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ገባና የጫማውን ጫፍ ፈለገ። አረንጓዴው ውኃ ውስጥ ደብዝዞ ታየው። «ይበቃል» አለ። እኔ ብሆን ድፍርስ ነው ብዬ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። የምትከፍለው ለዚህች ዓይን ነው።

ዓሣው እውነት ዝንብ ይበላል?

ወንዝ ከገባ በኋላ እምብዛም አይበላም። ከላባና ከክር የምናስረው «ዝንብ» ብዙውን ጊዜ ሽሪምፕ ይመስላል፤ ለምን እንደሚነክሰው እሱ ይወቀው። ከኋላህ ዛፍ ስላለ ዘንጉን ወደ ኋላ ማወናጨፍ አይሆንም፤ አራት ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ዘንግ በሁለት እጅ ይዘህ ክሩን ከውኃው ላይ አንከባልለህ ትወረውራለህ። ዝንቡ ወንዙን በሰያፍ አቋርጦ ወደ ዳር ይመጣል። ሁለት እርምጃ ወደ ታች፣ እንደገና። ቀኑን ሙሉ።

በቀን ስንት ይያዛል?

ሦስት ቀን ቆሜ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ጊዜ አለ። አንድ ከያዝሽ ደውዪልኝ።

ሁዳዴ ላይ ይዤ ብመጣ እናቴ ትቆጣለች?

ምክንያት አታገኝም፤ የዱሩን ዓሣ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። በእርባታ ጣቢያ የተፈለፈለው እንዲለይ ከጭራው በፊት ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ትቆረጣለች፤ ካልተቆረጠች የዱር ነው ማለት ነው። ለፎቶግራፍ ብለህ እንኳ ሙሉ በሙሉ ከውኃ አታወጣውም። ሌላው ደንብ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ ከመሄድህ በፊት የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትን ማስታወቂያ አንብብ።

ምን ልልበስ?

በዓመት ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ አስቢ። ሱፍ ልበሺ፣ ጥጥ ተዪ። የጎማ ሱሪውን ቀበቶ አጥብቂ፤ ብትወድቂ ውኃ እንዳይሞላው።

የአገሬው ሰዎች መረብ ሲጥሉ አየሁ። ለእነሱ ሲፈቀድ ለእኛ ለምን?

የወንዙ ነባር ነገድ የሆነው የሆህ ሕዝብ መሬቱን ሲለቅ ዓሣ የማጥመድ መብቱን ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረመ ውል አስቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሊያዝ ከሚችለው ዓሣ እኩሌታው እንዲህ ያለ ውል የፈረሙት ነገዶች ድርሻ ነው ብሎ ወስኗል። እንግዶቹ እኛ ነን፤ መረቡ ካለበት ራቅ ብለህ አጥምድ።