ያልሠለጠነ ዓይን ለሥነ ፈለክ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት የጋላክሲ ምስሎችን እያዩ በየዓይነታቸው በመለየት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎችን እንደሚያግዙ አንብቤያለሁ። መሳተፍ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን የፊዚክስ ትምህርት የለኝም። ዕውቀቱ የሌለው ሰው የሚሰጠው መልስ እንዴት ይታመናል? ሥራውንስ ኮምፒውተር ሊሠራው አይችልም?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ተመራማሪዎቹም በጥብቅ የፈተሹት ጉዳይ ነው። ጋላክሲ ዙ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ምስሎችን ለሕዝብ ያቀረበ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ150,000 የሚበልጡ ሰዎች ከ50 ሚሊዮን በላይ ምላሾችን ሰጥተዋል። እያንዳንዱን ጋላክሲ በርካታ ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሳያውቅ፣ ስለሚያዩት የአንድ ሰው ስሕተት በሌሎቹ መልስ ይዋጣል። መልሱ ለሁለት ሲከፈልም ልዩነቱ ራሱ ምስሉ አጠራጣሪ መሆኑን ለተመራማሪው ይነግረዋል።

ሆኖም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሳሳቱስ? ይህ በእርግጥ አጋጥሟል። በበጎ ፈቃደኞቹ መልስ መሠረት ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ የሚዞሩ የሚመስሉ ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች (ከመሃላቸው የሚወጡ የተጠማዘዙ የከዋክብት ክንዶች ያሏቸው) በቁጥር በልጠው ተገኙ፤ አጽናፈ ዓለሙ ግን ለአንዱ አቅጣጫ የሚያዳላበት የታወቀ ምክንያት የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የተወሰኑትን ምስሎች በመስታወት እንደሚታዩ አድርገው ገልብጠው አቀረቡ። አድልዎው የሰማዩ ቢሆን ኖሮ ውጤቱም አብሮ በተገለበጠ ነበር፤ ነገር ግን ሰዎች አሁንም ያንኑ አቅጣጫ አብዝተው መረጡ። ችግሩ በሰው አመለካከት ላይ መሆኑ ስለታወቀ በስሌት ማረም ተቻለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ይህ ፍተሻ ነው፤ የሥራው ተአማኒነት የቆመው ተሳታፊው በማይሳሳትበት ላይ ሳይሆን ስሕተቱ በሚለካበት ላይ ነውና።

ኮምፒውተርን በተመለከተ፣ ዛሬ ብዙውን ምደባ ያከናውናል፤ ለመማሪያ የሚሆኑትን ምሳሌዎች ያገኘው ግን በአብዛኛው ከበጎ ፈቃደኞች ነው። ከዚህም ሌላ፣ ከተሰጡት አማራጮች አንዱን እንዲመርጥ የተሠራ ፕሮግራም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ኔዘርላንዳዊቷ መምህርት ሃኒ ቫን አርከል ግን በ2007 አይሲ 2497 ከተባለው ጋላክሲ አጠገብ ያየችውን እንግዳ ብርሃናማ ነገር ዝም ብላ አላለፈችውም። በኋላ እንደተረጋገጠው፣ ያየችው ከጋላክሲው እምብርት በመነጨ ኃይለኛ ጨረር የበራ ግዙፍ የጋዝ ደመና ነበር፤ የጨረሩ ምንጭ ራሱ ከዚያ ወዲህ እጅግ ደብዝዟል። ግኝቱን ባሳወቀው የጥናት ጽሑፍም ስሟ ከተመራማሪዎቹ ጋር በጸሐፊነት ሰፍሯል።

ለመጀመር ቴሌስኮፕም ዲግሪም አያስፈልግዎትም። አጭሩን መመሪያ ካነበቡ በኋላ «ጋላክሲው ልሙጥ ነው ወይስ ክንዶች አሉት?» የሚሉትን የመሰሉ ጥያቄዎች ይቀርቡልዎታል፤ ሳይንቲስቱ ይፈልገዋል ብለው የገመቱትን ሳይሆን በዓይንዎ ያዩትን ይምረጡ፤ ከመመለስዎ በፊትም ሌላ ሰው አያማክሩ። ከአማራጮቹ ከአንዱም ጋር የማይገጥም ነገር ካዩ ግን በፕሮጀክቱ የውይይት ገጽ ላይ ይጻፉ። ተሳታፊዎች ትንንሽ፣ ክብ፣ አረንጓዴ ነጠብጣቦችን በዚህ መንገድ እየለቀሙ ያሰባሰቡ ሲሆን፣ በ2009 የታተመ ጥናት እነዚህ ነጠብጣቦች ከዋክብትን በከፍተኛ ፍጥነት የሚፈጥሩ ትንንሽ ጋላክሲዎች መሆናቸውን አሳይቷል።