ተርሚናሉ ፊደሉን ወደ መስመር ሲለውጥብዎ

ጤና ይስጥልኝ። አንድ የታመቀ ፋይል በ«ካት» ትእዛዝ ካሳዩ በኋላ የሊኑክስ ተርሚናልዎ (ትእዛዝ የሚተየብበት መስኮት) ትንንሾቹን የእንግሊዝኛ ፊደላት በመስመርና በማዕዘን ምልክቶች እየተካ እንደሚጽፍ፣ የሚተይቡትም እንደማይታይዎ ገልጸዋል። ኮምፒውተሩም ሆነ ፋይሉ አልተበላሸም። ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል ወደ ስክሪኑ ሲፈስ፣ ፋይሉ ከተሠራባቸው ባይቶች (ትንንሽ የቁጥር ክፍሎች) አንዳንዶቹን ተርሚናሉ እንደ ትእዛዝ ይቀበላቸዋል፤ በተለይ ቁጥሩ 14 የሆነው ባይት ወደ ሁለተኛው የፊደል ገበታ ያሻግረዋል፤ ያ ገበታ የሠንጠረዥ መሳያ ከሆነ፣ ቪቲ100 ከተባለው የድሮ ተርሚናል መሣሪያ ዘመን በወረሰው ልማድ፣ «ኪው» አግድም መስመር፣ «ኤክስ» ቋሚ መስመር ይሆናሉ፤ ትልልቆቹ ፊደላት ግን እንዳሉ ይቀራሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ኮንትሮልን ከ«ሲ» ጋር ይጫኑ፤ ከዚያም የሚጽፉት ባይታይዎም ሳይደናገጡ «ሪሴት» (reset) የሚለውን ቃል በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፈው ኢንተር ይምቱ። ኢንተር እምቢ ካለ ኮንትሮልን ከ«ጄ» ጋር ይሞክሩ። «ክሊር» (clear) የሚለው ትእዛዝ ስክሪኑን ያጸዳል እንጂ ገበታውን አይመልስም።

ፒያሳ በምሠራበት ቢሮ አንድ ባልደረባዬ ይኸው ቢገጥመው ማሽኑን አጥፍቶ አበራው፤ ከበስተጀርባ ሲገለበጥ የነበረውም ፋይል በግማሽ ቀረ።

የተበላሸው አማርኛው ብቻ ሆኖ ሳጥን ሳጥን ከታየዎ ግን ጉዳዩ የፎንት ነው። ግራፊክስ የሌለው የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ፎንት ከ512 ቅርጾች በላይ ስለማይዝ፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች «ጎሃ» የተባለውን የኢትዮጵያ ኮንሶል ፎንት መምረጥ ይኖርብዎታል።