«አንድ ሰዓት ልየው» ማለት ያሳፍራል?

ይድረስ ለምክር አምድ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእኔ ጥያቄ ከሚደርሱዎት የትዳርና የቤተሰብ ጣጣዎች አንጻር ቀላል ነው። ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ስለ ቴሌቪዥን ነው።

የቤታችን ቲቪ ከተበላሸ ሁለት ወር አለፈው። አዲስ ለመግዛት አቅማችን አይፈቅድም። ባለቤቴ ማስታወቂያ ሲያገላብጥ አንድ ያገለገለ 55 ኢንች አገኘ። ኦሌድ ነው። ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሻጩ ነጋዴ አይደለም፣ እንደ እኛው ባለትዳር ነው። «ቤት ልንቀይር ነው፣ አዲሱ ሳሎን አይበቃውም» አለን።

ቅዳሜ ሄደን አየነው። ስንገባ ቲቪው ተከፍቶ ነበር። ከባሕር በታች የተቀረጸ ነገር ያሳያል፤ ዓይነት በዓይነት ቀለም ያላቸው ዓሦች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ጥራቱ ጉድ ያሰኛል። የባለቤቴ ልብ እዚያው ሸፈተ። ሰውየው በሪሞቱ አንዱን ቪዲዮ በሌላ ሲቀይር ግን ግራጫ የሆነ ገጽ ለአፍታ ብልጭ አለ። ያኔ ከስክሪኑ ግርጌ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጠቆር ያለ መስመር ያየሁ መሰለኝ። ከላይ በቀኝ ጥግ ደግሞ እንደ ማኅተም ያለች ነገር። ወዲያው ሌሎች ዓሦች መጡና ሁሉም ጠፋ።

«እስቲ ያንን ገጽ ይመልሱልኝ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። ሚስቱና ልጆቹ አጠገባችን ቆመዋል። ሰው ቤት ገብቶ እንደ ፖሊስ መበርበር ከበደኝ። 10 ደቂቃ ሳንሞላ ወጣን።

«አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ነው የተጠቀምንበት» ብሎናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ይደውላል። ሌላ ገዢ አለ፣ ቀብድ ካልላካችሁ ይወስደዋል ነው የሚለው። ባለቤቴ «አንቺ ጥላ አይተሽ ነው» እያለ ይስቅብኛል። እንግዛው ወይስ ይቅርብን? የምንገዛው ከሆነስ ሰውየውን ሳናስቀይም እንዴት እንፈትሸው?

ጥላ ያየሁት ነኝ

መልስ

እህቴ፣ ባለቤትሽ ሳቁን ትንሽ ያቆየው። ያየሽው ጥላ ስም አለው።

ኦሌድ ስክሪን ላይ እያንዳንዷ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባት ትንሿ ነጥብ፣ የራሷን ብርሃን ታወጣለች። እንደ ተራው ኤልኢዲ ከኋላ የሚያበራላት መብራት የለም። ጥቁሩ ድቅድቅ ያለ ጥቁር የሚሆነው፣ ባለቤትሽንም ያማለለው ጥራት የሚመጣው ከዚህ ነው። መዘዙም ከዚሁ ነው። ፒክስሏ ባበራች ቁጥር ታረጃለች። ብዙ ያበራችው ከጎረቤቷ ቀድማ ታረጃለች። የዜና ቻናል ከግርጌው የሚያስሮጠው የጽሑፍ መስመር፣ ጥግ ላይ የማይነቃነቀው የቻናሉ አርማ፣ ጌም ላይ ተተክሎ የሚውለው የነጥብ ሰሌዳ፣ እነዚህ ሁሉ ከሥራቸው ያሉትን ፒክስሎች ለይተው ያደክማሉ። ቻናሉ ቢቀየርም ቅርጹ እዚያው ይቀራል። «በርን ኢን» ይባላል። ከግርጌ ረጅም መስመር፣ ከጥግ ማኅተም ካየሽ፣ የዚያ ቤት ሰው ዜና ወዳድ ነው ማለት ነው።

ዓሦቹስ? ቀለሙ የበዛና የሚንቀሳቀስ ምስል ይህን ዓይነቱን ምልክት ድራሹን ያጠፋዋል። ሰውየው ሆን ብሎ ነው አልልም። እንግዳ ሲመጣ የተቀደደውን የሶፋ ጎን ወደ ግድግዳ የማያዞር ማን አለ? ገዢ ግን ሶፋውን ማዞር አለበት።

አንድ ነገር ለሰውየው ልሟገትለት። ጥላ ሁሉ ቋሚ አይደለም። ኦሌድ ቲቪ ለተወሰኑ ሰዓታት ከሠራ በኋላ በሪሞት ሲጠፋ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፤ ስክሪኑን ያድሳል። ይህ የሚሆነው ግን ገመዱ ከሶኬት ካልተነቀለ ነው። ማታ ማታ ገመዱን የሚነቅል ቤተሰብ ከሆነ፣ ቲቪው ይህን ዕድል አያገኝም። ስለዚህ ዳግም ልታዩት ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሌሊት ከሜኑው ውስጥ የስክሪን ማደሻውን እንዲያስነሳው ጠይቁት። ረጅሙ ዓይነት አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በኋላም መስመሩ ካለ ቋሚ ነው። መፍትሔው ፓኔሉን፣ ማለትም ስክሪኑን ራሱን፣ መቀየር ብቻ ነው። የፓኔል ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ከዚህስ አዲስ ልግዛ» ያሰኛል።

አሁን ወደ ይሉኝታሽ ልምጣ። እኔም በዚሁ ተበልቻለሁና።

የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ያገለገለ ኤልኢዲ የገዛሁት ከሥራ ባልደረባዬ ዘመድ ነበር። ከፈተልኝ፣ ሠራ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ይበቃል፣ ይበቃል» ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ! ቤት ወስጄ ፊልም ከከፈትኩ ከ20 ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ ድርግም አለ። ድምፁ ግን ቀጥሏል። ሰዎቹ ጨለማ ውስጥ ይጨቃጨቃሉ። በማግስቱ ቴክኒሺያን መጣ። እንደገና እስኪጠፋ ጠበቀና የቤቱን መብራት አጥፍቶ የስልኩን ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግቶ አበራ። ተዋናዮቹ እዚያው አሉ! ደብዝዘው፣ እንደ መንፈስ፣ ሲንቀሳቀሱ አየኋቸው። ምስሉ ደህና ነው፤ የሞተው ከኋላ የሚያበራው መብራት ነው። ትንንሾቹ አምፖሎች በተርታ የተያያዙ ናቸው። አንዷ ስትበላሽ ብዙ ጊዜ ተርታውን ይዛው ትጠፋለች። የእኔዋ ስትሞቅ ትጠፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች። ሻጩ ቤት እስክትሞቅ አልጠበቅኋትም።

አንድ ሰዓት ቁጭ ብለሽ እዪው የምልሽ ለዚህ ነው። ከዚያም በላይ፣ ስትገቡ ቲቪው ጠፍቶ ይቆያችሁ። ደብዳቤሽ ላይ ያልወደድኩት አንዱ ነገር «ስንገባ ተከፍቶ ነበር» የሚለው ነው። ሲሞቅ ብቻ የሚታይ ብልሽት እንዳለ ሁሉ፣ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚታይም አለ። ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ፓወር ቦርድ ላይ ካፓሲተር የምትባለው ትንሽ ዕቃ ያበጠችበት ቲቪ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ እየተግደረደረ ነው የሚነሳው። አንዴ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና ሊሠራ ይችላል። እንደገባሽ እጅሽን ጀርባው ላይ ጣል አድርጊ። ከሞቀ፣ ቀድሞ ተከፍቶ ነበር።

ይህን ሁሉ እንዴት ይጠየቃል? በስልክ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ልጆቹ እያዩሽ አይደለም። ስልክ ላይ ይሉኝታ ጉልበት የለውም። «እኛ ይህን ያህል ገንዘብ የምናወጣው አንዴ ነው። መጥተን ከተዘጋበት ከፍተን አንድ ሰዓት ያህል ብናየው ቅር ይልዎታል?» በይው። በቲቪው የሚተማመን ሰው «ኑ» ይላል። ሲያጉረመርም ከሰማሽ፣ የትራንስፖርት ወጪሽን አተረፍሽ።

ስትሄዱ የራስሽን ፍላሽ ያዢ። ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ግራጫና ቀይ የሆኑ ሦስት ምስሎች ጫኚበት። አንድ የእግር ኳስ ቪዲዮም ጨምሪ። መጋረጃውን ዝጉ፣ መብራቱን አጥፉ። ግራጫው ላይ የግርጌው መስመር ካለ ይወጣል። ቀዩ ላይ የአርማዎቹ ቅርጽ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ነጩ ላይ የሞተ ፒክስል እንደ ትንኝ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከዚያ ኳሱን ክፈቱና ባለቤትሽን ፊት ለፊት አስቀምጪው። አረንጓዴው ሜዳ ላይ ያ መስመር ከታየው፣ ክርክሩ አበቃ።

«አንድ ዓመት ተኩል» ያለውንም ቃሉን ብቻ አትመኚ። ጀርባው ላይ ያለው ምልክት ሞዴሉንና ሲሪያል ቁጥሩን፣ ብዙ ጊዜም የተመረተበትን ጊዜ ይናገራል። አንዳንድ ቲቪዎች ደግሞ ሜኑ ውስጥ በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደበሩ ያሳያሉ። በቀን 5 ሰዓት የሚበራ ቲቪ በዓመት ተኩል 2,700 ሰዓት ገደማ ነው የሚሞላው። 11,000 የሚል ካየሽ፣ በዚያው ስሌት ስድስት ዓመት ሠርቷል። ወይም እዚያ ቤት ቲቪ የሚያጠፋ ሰው የለም።

እዚያው ምልክት ላይ ቮልቱንም እዪ። ከ100 እስከ 240 ካለ የትም ይሠራል። 110 ወይም 120 ብቻ ካለና የቤትሽ መስመር 220 ከሆነ፣ ያለ መቀየሪያ እንዳትሰኪው።

ፍላሹን በሁሉም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች፣ አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ደግሞ በሁሉም የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች ሞክሩ። ድምፁን ከፍ አድርጉት። ስማርትነቱ ብዙ አያስጨንቅሽ። የድሮ ስማርት ቲቪ ላይ አፖች አንድ ቀን መሥራት ያቆማሉ። ኔትፍሊክስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ አንዳንድ የ2010 እና የ2011 የሳምሰንግ ሞዴሎች ላይ መሥራቱን አቁሟል። እንዲህ ሲሆን ኤችዲኤምአይ ላይ የምትሰካ፣ አፖቹን በቲቪው ፋንታ የምታሠራ ትንሽ ዕቃ ታስታርቀዋለች። ብቻ ሰውየው የራሱን አካውንት እዚያው አውጥቶ ቲቪውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰው።

ቀብድ አትላኪ። «ሌላ ገዢ» የሚሉት ሰውዬ ቅዳሜ ከሄዳችሁበት ጀምሮ ሊወስደው ነው፣ ግን እስካሁን አልወሰደውም። የሚከፈለው ተፈትሾ፣ እዚያው፣ ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ነው። የተገዛበትን ደረሰኝ ጠይቁ። ከሌለው፣ ሲሪያል ቁጥሩን የያዘች የሽያጭ ወረቀት ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። የሰረቀ ሰው ቁጥር ያለበት ወረቀት ላይ መፈረም አይወድም።

የእኔን ፍርድ ከፈለግሽ፦ ከማደሻው በኋላ መስመሩ ካለ፣ በተባለው ዋጋ አልገዛውም። ምልክቱ አይድንም፤ እናንተም ዜና የምታዩ ከሆነ ደግሞ ይጠቁራል። ቤታችሁ ማታ ማታ ፊልም ብቻ የሚታይበት ከሆነ ግን፣ ዋጋው ሌላ ቅናሽ ካገኘ፣ ባለቤትሽን አልቆጣውም። ፊልም ላይ ብዙም አይታይም። ኳስና የልጆች ካርቱን የሚታይበት ቤት ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ በየቀኑ ዓይንሽ እዚያ መስመር ላይ ያርፋል፣ ባለቤትሽም በየቀኑ «እኔ አይታየኝም» ይላል። መስመሩ ከጠፋ፣ ሰዓቱም ቃሉም ከተስማሙ፣ ውሰዱት።

ከወሰዳችሁት፣ መኪና ላይ ቆሞ ይጓዝ። አጋድሞ የጫነው ሰው ስክሪኑን ሰንጥቆ ነው ቤቱ የሚገባው። ብርድ ልብስና ሁለት ሰው ያዢ። የእግሩን ብሎኖች ቆጥረሽ ተቀበዪ። እኔ ያኔ ረስቼ፣ ለአንድ ወር ቲቪዬን በመጽሐፍ ደግፌ ነው የቆየሁት።